ራእይ ከጓዳ ሲጀምር

ከይፋግ ወደ ደቡብ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፍ አውራ አምባን ያገኛል። ስለ መሪና ስለ ራእይ በተነሣ ቁጥር እኔ የማስታውሰው ይህችን መንደር ነው።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት ገበሬ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ሲመሠርቷት፣ መነሻቸው የልጅነት ጥያቄ ነበር፦ እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ውላ ማታ ብቻዋን የምትለፋው ስለ ምን ነው? መልሱን በአዋጅ ሳይሆን በኑሮ ሰጡ፤ ወንዱ ጋገረ፣ ሴቷ አረሰች።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ስደት ወደ ቦንጋ ወሰዳቸው። ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። ራእዩ ግን ከመሬቱ ጋር አልተወሰደም፤ ፊታቸውን ወደ ሽመና አዞሩ።

እኛ ምሁራንስ በአደባባይ የምንሰብከውን እኩልነት በየጓዳችን ሞክረነዋልን?