አሮጌው በር የተዘጋበት ዕለት፦ ከአርፓኔት ሽግግር ታሪክ

በአገልግሎት ላይ ያለን ድልድይ የተሽከርካሪ ምልልስ ሳይቋረጥ በሌላ መተካት፣ ድልድይ ባልነበረበት ቦታ አዲስ ከመሥራት እጅግ የከበደ መሆኑን በሙያው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱን የሚሠራ መሐንዲስ የሚታገለው ከወንዙና ከአፈሩ ጋር ነው። አሮጌውን የሚተካው ግን ከወንዙና ከአፈሩ ሌላ፣ በአሮጌው መንገድ መመላለስ ከለመደው ሕዝብ ጋር ጭምር ይታገላል። ይኸው እውነት በኮምፒዩተር ሥራም ሳይለወጥ ይገኛል። ብዙ ሰዎች በጋራ የሚገለገሉበትን ሥርዓት ከአሮጌ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ማዛወር ባስፈለገ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ሁሉም አብሮ እንዲሻገር የሚያደርገው ማን ነው? ያልተሻገረውስ ምን ይሆናል?» የሚለው ከዚያ የበለጠ ይከብዳል።

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት የታሪክ ምዕራፎች አንዱ፣ ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው መረብ የቆመበት ደንብ ሥራ ላይ የዋለበት ሽግግር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1983፣ አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር መረብ ከ10 ዓመት በላይ ሲገለገልበት የኖረውን የግንኙነት ደንብ ትቶ ወደ ሌላ ተሻገረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕለቲቱ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት የልደት ቀን ተብላ ስትጠቀስ እንሰማለን። እንዴት እንደ ደረሰች ግን እምብዛም አይነገርም።

አርፓኔት የተመሠረተው በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ሥር በነበረው አርፓ በተባለው የምርምር ድርጅት ገንዘብ ነበር። የመጀመሪያው መልእክት በኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተላከ፤ ዓመቱም ሳይፈጸም መረቡ አራት ተቋሞችን አገናኘ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየተቋሙ ካለው ዋና ኮምፒዩተር አጠገብ፣ ቢ ቢ ኤን በተባለው ኩባንያ የተሠራ አንድ አነስተኛ አቀባይ ኮምፒዩተር ይቀመጣል። አቀባዮቹ እርስ በርሳቸው በስልክ መስመር ተያይዘው መልእክቱን በትናንሽ ጥቅሎች እየከፋፈሉ ያስተላልፋሉ። ዋናዎቹ ኮምፒዩተሮች ግን ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የወጡና የሥራ ሥርዓታቸውም የተለያየ ስለ ነበር፣ እርስ በርስ ይግባቡ ዘንድ አንድ የጋራ ደንብ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህ ደንብ ኤን ሲ ፒ ይባል ነበር።

ኤን ሲ ፒ ለተሠራበት ዘመን በቂ ነበር። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ከሥር ያለው መረብ መልእክትን ከቶ እንደማያጠፋ አድርጎ መገመቱ ነው። ጥቅሉ በመንገድ ቢጠፋ መልሶ የመላኩን ኃላፊነት የሚሸከም ክፍል በደንቡ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛው፣ አድራሻው በአርፓኔት ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች ብቻ የሚያመለክት መሆኑ ነው። በሌላ መረብ ላይ ያለን ኮምፒዩተር የሚጠራበት ስም አልነበረውም። በሬዲዮና በሳተላይት ጥቅሎችን የሚያስተላልፉ ሌሎች መረቦች በ1970ዎቹ እየተሠሩ ሲመጡ፣ መልእክት በሬዲዮ ሞገድ ላይ መጥፋቱ የዘወትር ነገር ሆነ፤ ከመረብ ወደ መረብ መሻገርም ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጉድለቶች ሊሸፈኑ የማይቻሉ ሆኑ።

መፍትሔውን ሮበርት ካንና ቪንተን ሰርፍ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ የመልእክቱን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነት ከመረቡ ተወስዶ በሁለቱ ጫፍ ላይ ላሉት ኮምፒዩተሮች ይሰጥ፤ መረቦቹም እንዳሉ ሆነው በመካከላቸው መሸጋገሪያ ይቁም የሚል ነበር። በኖቬምበር 1977 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በመንገድ ላይ ትሄድ ከነበረች መኪና የተላከ መልእክት በሬዲዮ፣ በሳተላይትና በአርፓኔት መስመር ሦስት መረቦችን ተሻግሮ፣ አትላንቲክንም አቋርጦ ተመልሶ ከታሰበበት ደረሰ። በ1978 ደንቡ በሁለት ተከፍሎ ቲ ሲ ፒ እና አይ ፒ የሚሉትን ስሞች ያዘ። በሴፕቴምበር 1981 ደግሞ የመጨረሻ ቅርጹ ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ የተሻለው ነገር ተገኝቷል፤ ተፈትኗል፤ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ሁሉም በየራሱ ጊዜ ወደ እርሱ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን እንዲያ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። የግንኙነት ደንብ የሚጠቅመው ሌላውም ሰው ሲይዘው ነው። ቀድሞ የተሻገረ ሰው ከማዶ የሚያነጋግረው ሰው አያገኝም፤ ድካሙን ዛሬ ይከፍላል፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን ሌሎች ሲከተሉት ነው። ስለዚህ የሁሉም ብልሃት ሌላው እስኪቀድም መጠበቅ ይሆናል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የየዩኒቨርሲቲው ወይም የየቤተ ሙከራው ንብረት ነበር። አዲሱን ደንብ ለየሥራ ሥርዓቱ አስማምቶ የመጻፉ ሥራ ደግሞ፣ ሌላ ብዙ ሥራ በተደራረበባቸው ጥቂት ባለሙያዎች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር።

የሽግግሩን ዕቅድ የጻፈው ጆን ፖስቴል ነው። ዕቅዱ የታተመው በኖቬምበር 1981፣ የመረቡ ሠሪዎች ሐሳባቸውን ይለዋወጡበት በነበረው የሰነዶች ተከታታይ ውስጥ በ801ኛ ቁጥር ነው። የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ማብቂያው ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1983 ነበር። ፖስቴል ሁሉም በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደማይችል ያውቅ ነበርና፣ ሁለቱንም ደንብ የሚያውቁ አሸጋጋሪ ኮምፒዩተሮች በመካከል እንዲቆሙ አደረገ። አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ ተገልጋይ በመጀመሪያ ወደ አሸጋጋሪው ይገባል፤ ከዚያም በአዲሱ ደንብ ወደ ፈለገው ይሄዳል። ፋይል የሚልክም እንዲሁ በሁለት እርምጃ ይልካል። በርቀት ገብቶ መሥራት፣ ፋይል ማስተላለፍና ደብዳቤ መላላክ የሚባሉት ሦስቱ ዋና አገልግሎቶች በዚህ መንገድ እንዳይቋረጡ ታሰበ። በዚያው ዓመት በኦገስት የደብዳቤው ደንብ ራሱ በአዲስ ተተክቶ ስለ ነበር ሥራው ድርብ ሆነ።

ይሁን እንጂ አሸጋጋሪ መሣሪያ ሁለት ፊት አለው። ሥራን ከመቋረጥ ያድናል፤ ያልተሻገረውንም ሰው ባለበት እንዲቀመጥ ይመቸዋል። ዘወር ብሎ ቢሆንም ሥራው ከተሠራለት፣ ለምን ይደክማል? የአርፓኔት ኃላፊዎች ይህን ለማሸነፍ ሁለት ዘዴዎችን ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ስም መጥራት ነበር። ከዲሴምበር 1982 ጀምሮ ዴቪድ ስሞልበርግ በመረቡ ላይ ያሉትን ኮምፒዩተሮች በአዲሱ ደንብ እየጠራ፣ የትኛው እንደሚመልስና የትኛው እንደማይመልስ በዝርዝር እየመዘገበ «ቲ ሲ ፒ የሚናገረው ማን ነው?» በሚል ርእስ በየጊዜው ያወጣ ጀመር። ዝርዝሩ ማንንም አይገሥጽም፤ አያመሰግንምም። ነገር ግን የባልደረቦቹ ኮምፒዩተር «መለሰ» ተብሎ የእርሱ «አልመለሰም» ተብሎ የታተመበት ባለሙያ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ዘዴ አሮጌውን በር ለሙከራ መዝጋት ነበር። እያንዳንዱ መልእክት በየትኛው ደንብ እንደ ተጻፈ የሚያመለክት ምልክት ነበረበት። ስለሆነም አቀባዮቹ የአሮጌውን ደንብ መልእክት ለይተው እንዳያሳልፉ ማድረግ ይቻል ነበር። በ1982 አጋማሽ ኤን ሲ ፒ ለአንድ ሙሉ ቀን ተዘጋ። ያልተዘጋጁት ሥራቸው ቆመባቸው፤ አቤቱታም በረከተ። በመጸው ወራት ደግሞ ለሁለት ቀን ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የተወሰነው ቀን በወረቀት ላይ የተጻፈ ምኞት ሳይሆን በእርግጥ የሚመጣ ቀን መሆኑን ሁሉም ተረዳ።

ቀኑም መጣ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ሌላው ሰው በበዓል ሲያርፍ በየተቋሙ ያሉ ባለሙያዎች ከማሽኖቻቸው ጋር ሲታገሉ ዋሉ። ሁሉም በዚያን ዕለት አልተሻገረም፤ የቀሩት ተጠቃለው እስኪገቡና ጉድለቱ ሁሉ እስኪታረም ብዙ ወራት ወስዷል። ድካሙን ያለፉት ባለሙያዎች ከቲ ሲ ፒ ሽግግር መትረፋቸውን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ክብ ምልክት በደረታቸው ላይ አደረጉ። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ቀልድ ይመስላል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የወታደሩ ክፍል ተለይቶ ራሱን የቻለ መረብ ሆነ። አዲሱ ደንብ ባይኖር ኖሮ፣ ሁለቱ መረቦች ከተለያዩ በኋላ እንደ ቀድሞው መነጋገራቸው ባልተቻለም ነበር።

ሽግግሩ እንዲፈጸም ያደረገው የደንቡ ብልጫ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ሳይገነዘብ አይቀርም። የታወቀ ቀን ነበር፤ የሁሉም ሁኔታ በይፋ ይታይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን በሩን የመዝጋት ሥልጣን ያለው አካል ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴር አዲሱን ደንብ የራሱ ደረጃ አድርጎ ተቀብሎታል፤ አቀባዮቹም በአንድ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ማኅበረ ሰቡም በመቶዎች በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች የተወሰነ ነበር። ይህ ሁኔታ በሌለበት ምን እንደሚሆን ያው መረብ ራሱ በኋላ አሳይቶናል። የአይ ፒ አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ከ4.3 ቢሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮችን ሊሰይም አይችልም። እጥረቱ አስቀድሞ ታውቆ፣ አድራሻው 128 ቢት የሆነ 6ኛው እትም በዲሴምበር 1995 ታትሞ ወጣ። በፌብሩዋሪ 2011 ከማዕከላዊው መዝገብ ይታደል የነበረው የአሮጌው አድራሻ ክምችት አለቀ። ዛሬም ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ብዙ ማሽኖችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ የሚያስቀምጠው ዘዴ እንደ አሸጋጋሪ ሆኖ ችግሩን ስላስታገሠ፣ ለመሻገር የሚያስቸኩል ነገር ጠፋ። በሩን ዝጉ ብሎ የሚያዝ አካልም የለም።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን፣ ቀን ሳይቆረጥለት የተደረገ ሽግግር በገዛ ፊደላችንም ላይ ደርሷል። የግዕዝ ፊደል በግል ኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን ለላቲን ፊደል በተመደቡት የቁጥር ቦታዎች ላይ በመሰለው ቅደም ተከተል ያስቀምጥ ነበር። ቦታው 256 ብቻ ሆኖ ፊደሎቻችን ከነምልክቶቻቸው ከ300 በላይ ስለ ነበሩ፣ አንዱ በሁለት ተከታታይ የፊደል ስብስብ፣ ሌላው ቅጥያ ጭረት እያስከተለ ችግሩን ተወጣው። በአንደኛው የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በ1999 ዩኒኮድ በ3ኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። አዲሱ በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ ቀን የቆረጠ፣ ዝርዝር ያወጣ፣ አሮጌውን ሰነድ ሰብስቦ ያሻገረ አንድ አካል አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ የአንድ አነስተኛ ድልድይን የአፈር ምርመራ ዘገባ ፈልጎ ነበር። የታተመው ቅጂ ጠፍቷል፤ ፋይሉ ግን ነበረ። ሲከፈት የላቲን ፊደሎችና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች የተደባለቁበት ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ ቁጥሮቹ የምን እንደሆኑ የሚናገረው ቃል ግን አይነበብም። 4.5 የጥልቀት ሜትር ይሁን የሌላ ነገር መጠን ማወቅ አልተቻለም። ዘገባው የተጻፈበት የፊደል ስብስብ በአንድ ጡረታ የወጡ ባልደረባ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ሥራው ቆመ። እርሳቸው ማሽኑን ሳይጥሉ በመቆየታቸው ብቻ ተረፍን።

አርፓኔት ያስተላልፍ የነበረው በጉዞ ላይ ያለን መልእክት ነበርና፣ በሩ ሲዘጋ የዘገየው ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ተጓጎለበት እንጂ ያለፈውን አላጣም። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምናሻግረው ግን መዝገብ ነው፤ መዝገብ ከኋላ ሲቀር አቤት አይልም። ስለዚህ በሩን ለመዝጋት ድፍረት የሚያስፈልገውን ያህል፣ ከመዘጋቱ በፊት ማን እንደ ቀረ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ፖስቴል ዕቅዱን፣ ስሞልበርግም ዝርዝሩን በይፋ ያወጡት ለዚህ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሥርዓት ለመትከል የተዘጋጀ የማኅበራችን አባል ቢኖር፣ ከአዲሱ ሶፍትዌር መግለጫ አስቀድሞ በጠረጴዛው ላይ ሊያኖር የሚገባው የአሮጌው መዝገብ ሙሉ ዝርዝር ነው፤ በየመሥመሩም ትይዩ «ተሻግሯል» ወይም «አልተሻገረም» የሚል ቃል ይጻፍበት።