ባዶ ቦታ የሌለው ግድግዳ
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የቤት ጌጥ ታሪክ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ነባሩ የገበሬ ቤት ከውጭ ሲታይ ጌጥ የለውም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ወይም በድንጋይ የተካበ፣ ክዳኑ ሣር፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱም ትንሽ ወይም ጭራሹን የሌለ ነው። ዐይኑ ጨለማውን የለመደለት እንግዳ ግን ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ሲቃኝ አንድ ክንድ ባዶ ግድግዳ ለማግኘት ይቸገራል። ሰፌዱ፣ አገልግሉ፣ ቀንድ ዋንጫው፣ ቅሉ፣ ኮርቻው፣ ጋሻው ተደራርቦ ተሰቅሏል።

አሮጌ ዕቃ እያሰባሰቡ ቤትን ከወለል እስከ ጣራ ማስጌጥ በዛሬው የከተማ ኑሮ እንደ አዲስ ፋሽን ይቆጠራል። የፋሽኑ ምንጭ ብዙውን ጊዜ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከነበረው የእንግሊዝ ሀብታም ሳሎን ይቀዳል። በዚያ ሳሎን ሥዕሉ፣ መጋረጃው፣ ከሩቅ አገር የመጣው ጦርና ጋሻ ሁሉ በአንድነት ይታጨቅ ነበር። የጋይንት ቤት ሙላት ግን ከዚህ የተለየ መሠረት አለው። ምክንያቱም በዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ሥራ ያለውና ባለቤቱ በስም የሚታወቅ ነበርና ነው።

ነገሩን ከግንባታው መጀመር ይሻላል። ጥጃና በግ ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ወለሉ የምስጥና የአይጥ ስለሆነ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህም ግድግዳው ሲመረግ የበሬ ቀንድ ወይም ባላ እንጨት ጫፉ ወደ ውስጥ ወጥቶ ይቀበራል። ይህም ኩላብ ነው። በመሆኑም መስቀያው ኋላ የሚጨመር ሳይሆን ከቤቱ ጋር አብሮ የሚታቀድ ነበር። እህሉ ከጭቃና ከጭድ በተሠራው ጎታ ይቀመጣል፤ ቀሪው ንብረት ግድግዳ ላይ ይወጣል። የምድጃው ጭስም ሁሉን እያጠቆረ ነቀዝን ያርቃል፣ የጣራውን እንጨትና ሣር ዕድሜ ያስረዝማል። ጥላሸቱ የቤቱ ቀለም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ጥቁረት ላይ ጎልቶ የሚታየው የሴቶች ስፌት ነው። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አክርማው ተጠቅልሎ የውስጥ አካል ይሆናል። ቀለም የተነከረው ስንደዶ አለላ ይባላል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ከነጩ ጋር እየተፈራረቀ መስቀል፣ ኮከብና የመሰላል ቅርጽ ያወጣል። የመሶብ ሥራ ወራት ይፈጃል፤ ወስፌውም ከሌላ ሥራ በተረፈ ጊዜ ብቻ ይነሣል። ልጅ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትማራለች፤ ስትዳርም ሙዳይዋን፣ ሌማቷንና ሰፌዷን ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤት ለመጠየቅ የገባች ሴት ግድግዳውን በማየት ብቻ የየትኛዋ እጅ እንደሆነ ለይታ ታውቃለች። ስፌቱ ላልቶ ከሆነም ዝም ብላ አትወጣም! በዕለት ሥራ ላይ የዋለው ሰፌድ አርጅቶ ወደ ማድቤት ሲወርድ አዲሱ ይተካል። ስለዚህ ግድግዳው የእመቤቲቱን ሙያ ከዓመት ዓመት የሚመዘግብ መዝገብ ነበር።

የወንዱ ወገን አጭር ታሪክ ነው። ጋሻ የማዕረግ ምልክት ስለነበረ በብር ያጌጠው ለባለ ሹመት ይሰጥ ነበር። ጠመንጃ ከበዛ በኋላ ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ ከኩላቡ ላይ የሚውልበት ጊዜ በዛ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲወድቁ፣ ከጦሩ በላይ አውሮፕላን እያንዣበበ ነበር።

ከውጭ ተራ፣ ከውስጥ ሙሉ መሆን የገበሬ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። በድጓ ትምህርት የታወቀችው የጋይንቷ ቤተ ልሔም ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትታይ፣ ከውስጥዋ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛ ዘመን ሕንፃ፣ የተቀረጸ እንጨትና ሥዕል ይዛ ኖራለች። አየርላንዳዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 ደርሶ ካያት በኋላ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭ አንባቢ አስተዋወቃት። የድጓ መምህራኑ ግን ምን እንዳላቸው ቀድሞውንም ያውቁ ነበር።

ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ሲመጡ ቤቱ ማዕዘን አወጣ፤ ማድቤቱም ተለየ። ጭሱ ከዋናው ቤት ሲወጣ አለላው ሳይጠቁር መኖር ቻለ። ቀጥ ያለው ግድግዳም ወረቀት ለመለጠፍ ተመቸ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ መታተም የጀመረው አዲስ ዘመንና ሌላውም ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ጭቃው እንዳይረግፍ በሊጥ ይለጠፍ ነበር። ከዚያ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፣ የቀን መቁጠሪያ፣ በአንድ መስታወት ውስጥ የታጨቀ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ ይሰቀላል። ከመስከረም 1967 ዓ.ም. በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ከብዙ ቤት ሲወርድ፣ በስተኋላው ያለው ጋዜጣ ሳይጠይም ነጥቶ መቅረቱ አይቀርም ነበር።

ዕቃው ከግድግዳው ሲለይ ምን እንደሚሆን ይኸው አገር ቀደም ብሎ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዱትን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት መቅደላ ላይ አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያም ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ ጋይንትን አቋርጠው ወደዚያው አቀኑ። በሚያዝያ ወር መቅደላ ሲወድቅ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ አወጣ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ሌላውን መኮንኖች ለየቤታቸው ወሰዱት፤ ጋሻውና ዋንጫውም የእንግሊዝ ሳሎን ጌጥ ሆነ።

ዛሬ ሐራጁ ጸጥ ያለ ነው። አሮጌ መሶብ፣ አገልግልና ቀንድ ዋንጫ ከገጠር በነጋዴ እጅ እየተሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ የሆቴልና የባህል ምግብ ቤት ግድግዳም ይሞላል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል፤ ነገር ግን በአገር ውስጥ ከቤት ወደ ሱቅ ሲሄድ የሰፊዋ ስምና የመንደሩ ስም መንገድ ላይ መቅረቱን የሚያግድ ነገር የለም። ሕንፃ የሚነድፍና የሚያስጌጥ ባለሙያ ዕቃውን ሲገዛ እነዚህን ሁለት ስሞች ጠይቆ ከጀርባው ቢጽፍ ወጪው የአንድ እርሳስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለሐራጅ ሊቀርቡ የነበሩ፣ ከመቅደላ የተወሰዱ ቀንድ ዋንጫዎች ከጨረታው ተነሥተው በሽያጭ ወደ ሸህራዛድ ፋውንዴሽን ተዛወሩ። ከአንድ ጋሻ፣ ከዘውድና ከመስቀሎች ጋር በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በብሔራዊ ሙዚየም ርክክብ ተደረገባቸው። ዋንጫዎቹ መጠናቸው ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ፣ በብር የተለበጡ ናቸው።