ሳትታመም የታሰረችው ወጥ ሠሪ

ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት መታመሙን ለሚያውቅ ሰው ነው። መታመሙን የማያውቀውን፥ እንዲያውም ከቶ ያልታመመውን ሰው «ደዌ አለብህ» ሊለው የሚችል ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያመጣብን ላቦራቶሪ የሚባለው የምርመራ ቤት ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ጥያቄው በአንዲት ድኻ ሴት ላይ እንዴት እንደ ወደቀ ላጫውትህ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሜሪ ማለን በ1869 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር ተወለደች። ገና በወጣትነቷ ወደ አሜሪካ ተሻግራ በኒው ዮርክ ከተማ በየሀብታሙ ቤት ወጥ ሠሪ ሆነች። እጅዋ የተመሰገነ ነበርና ደመወዟ ከሌሎቹ ገረዶች ይበልጥ ነበር። በ1906 ዓ.ም. አንድ የባንክ ባለጸጋ ኦይስተር ቤይ በምትባል የባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ የሙቀቱን ወራት ሲያሳልፍ፥ በቤቱ ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በአንጀት ተስቦ፥ ማለት ዛሬ ታይፎይድ በምንለው በሽታ፥ ወደቁ። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ የድኻ ሰፈርና የቆሻሻ ውኃ በሽታ ነው ይባል ስለ ነበረ፥ የቤቱ ባለቤት ከእንግዲህ ተከራይ እንዳያጣ ሠግቶ ጆርጅ ሶፐር የሚባል የጤና ጥበቃ መሐንዲስ ቀጠረ።

ሶፐር ውኃውን መረመረ፥ የቆሻሻ መውረጃውን መረመረ፥ ወተቱን መረመረ፤ ምንም አላገኘም። በኋላ ግን ሕመሙ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አዲስ ወጥ ሠሪ ገብታ እንደ ነበር ሰማ። ቀድሞ የሠራችባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ተከታትሎ ቢጠይቅ፥ ከ8 ቤተ ሰቦች በ7ቱ ውስጥ ተስቦው ገብቶ ኖሯል። በእሳት የበሰለ ምግብ ተህዋስያኑን ይገድላቸዋልና፥ ሶፐር የጠረጠረው ጥሬ ኮክ ተቆራርጦ የሚጨመርበትን አይስ ክሬሟን ነው።

ሜሪን ከምትሠራበት ወጥ ቤት ሄዶ ደሟን፥ ሽንቷንና ሰገራዋን ለምርመራ እንድትሰጠው ቢጠይቃት፥ የሥጋ ሹካ አንሥታ አባረረችው። እኔ በዚህ ነገር ልፈርድባት አልችልም። የማታውቀው ወንድ ከሥራዋ ቦታ ድረስ መጥቶ፥ ጤነኛ ሳለች «ሰው ታሳምሚያለሽ፥ ሰገራሽን አምጪ» ቢላት ምን ታድርግ? ከእኛም አገር እመቤቶች ብዙዎቹ ከሹካ የከፋ ነገር ባነሡ ነበር።

በ1907 ዓ.ም. የከተማው ጤና ጥበቃ ጆሴፊን ቤከር የምትባል ሐኪም ላከ። ሜሪ እንቢ ስላለች ሐኪሟ በማግስቱ ፖሊሶች አስከትላ ተመለሰች። ሜሪ ተደብቃ ብዙ ሰዓት ካስፈለገች በኋላ ተገኘች፤ እየታገለች ወደ አምቡላንስ ተጫነች፤ ቤከርም እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በላይዋ ተቀምጣባት እንደ ሄደች ኋላ ራስዋ ጽፋለች። ሰገራዋ ሲመረመር ተህዋስያኑ በእርግጥ ተገኙ። ጤነኛ መስሎ ተስቦ የሚያስተላልፍ ሰው መኖሩን ሮበርት ኮክ በጀርመን አገር ካስተማረ ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ በአሜሪካ እንዲህ ተብላ የታወቀች የመጀመሪያዋ ሜሪ ናት። ሰሜን ወንድም በምትባል ደሴት ላይ ለብቻዋ አኖርዋት።

እንግዲህ አስተውል። ላቦራቶሪው አልዋሸም። ይሁን እንጂ ተህዋስያኑ በሆድዋ መኖራቸውን ሲነግር፥ ሴትዮዋ እንዴት ትያዝ፥ በምንስ ትኑር ለሚለው መልስ አልነበረውም። ሐኪሞቹ ሐሞትሽን እናውጣ አሏት፤ ቀዶ ጥገናው በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገድል ነበርና እንቢ አለች። ተስቦውን የሚያድነው ክሎራምፌኒኮል በሥራ ላይ የዋለው በ1948 ዓ.ም. ነው።

ከእስራቱ ይልቅ የከፋው ደግሞ ስሟ ነው። በ1909 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ «ታይፎይድ ሜሪ» ብሎ፥ በመጥበሻ ላይ የራስ ቅል ስትጥል ሥሎ አወጣት። የሐኪምና የታማሚ ምስጢር መሆን የነበረበት ነገር የመንገድ ሳቅ ሆነ። በዚያው ዓመት ወንጀል ሳልሠራ ታሰርሁ ብላ ፍርድ ቤት ቆመች፤ የራስዋንም ናሙና ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልካ ነጻ ነሽ የሚል መልስ አግኝታ ነበር። ዳኛው ግን ወደ ደሴቲቱ መለሳት።

በ1910 ዓ.ም. አዲስ የጤና ሹም ተሾመና ዳግመኛ ወጥ እንዳትሠራ ቃል አስገብቶ ለቀቃት። ልብስ አጣቢነት ተገኘላት። የልብስ አጣቢ ደመወዝ ግን የወጥ ሠሪን አያህልም፤ ለጎደለባት የከፈላት፥ ሌላ ሙያ ያስተማራት አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠፋች። በ1915 ዓ.ም. በአንድ የወላዶች ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞቱ፤ ከወጥ ቤቱ ሜሪ ብራውን በሚል ስም ተገኘች።

በዚህ ጊዜ እፈርድባታለሁ። በ1907 ዓ.ም. አላምንም ማለት ትችል ነበር፤ በ1915 ዓ.ም. ግን ስሟን መለወጥዋ ራሱ ይመሰክርባታል። የሞቱት ሁለቱም እንደ እርስዋ ሰዎች ነበሩ። ስለ ነጻነት የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ብዙ ጊዜ ሲረሷቸው አያለሁ፤ ደስ አይለኝም።

ነገር ግን ፍርዱ ለሁሉ እኩል አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. በዚያው ከተማ አንድ የዳቦና የምግብ ቤት ባለቤት፥ ተስቦ አስተላላፊ መሆኑ ተነግሮትና ተከልክሎ ሳለ ምግብ ሲሠራ ተያዘ። ንግዱን ከቤቱ ሆኖ በስልክ እንዲመራ ቃል ገብቶ ተለቀቀ። ባለ ንግዱ ስልክ ነበረው፤ ወጥ ሠሪዋ ከእጅዋ በቀር ምንም አልነበራትም። እርስዋ በደሴቲቱ ላይ 23 ዓመት ቆይታ በ1938 ዓ.ም. ሞተች። በዚያን ጊዜ የከተማው መዝገብ ከ400 በላይ አስተላላፊዎች ነበሩበት፤ እንደ እርስዋ ያለ ረጅም እስራት የደረሰበት ግን አልነበረም።

ዛሬ የመመርመሪያው መሣሪያ በየኪሳችን ገብቷል። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሲንጋፖር መንግሥት ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ የሚመዘግብ የስልክ ፕሮግራም አወጣ፤ መዝገቡም በሽታውን ከመከታተል በቀር ለሌላ እንደማይውል ለሕዝቡ ቃል ሰጠ። ሕዝቡም ብዙው ተቀበለ። በጥር 2021 ዓ.ም. ግን ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ መዝገቡን መጠየቅ እንደሚችል፥ አንድ ጊዜም በነፍስ ግድያ ጉዳይ ተጠቅሞበት እንደ ነበር በፓርላማ ተነገረ። ነፍሰ ገዳይ መያዙን የሚጠላ የለም። ሰዎቹ የተቈጡት የተነገራቸው ሌላ፥ የተደረገው ሌላ ስለ ሆነ ነው። መንግሥቱም በሚቀጥለው ወር ሕግ አውጥቶ የፖሊስን ሥልጣን በ7 ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ ወሰነ። ሕጉ መልካም ነበር፤ የወጣው ግን ሰዎቹ ስልካቸውን ከሰጡ ከአሥር ወር በኋላ ነው።