የሰይጣን ቤትና የተቆለፈው ክፍል

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ለሲኒማ ቤቱ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ዛሬ ስንሰማው ፈገግ እንላለን። «አይ የድሮ ሰው!» እንላለን። ግን ነገሩን እስቲ በእነሱ ዐይን እንየው። ጨለማ ቤት ትገባላችሁ፤ ግድግዳው ላይ የሌለ ሰው ይራመዳል፣ የሌለ ፈረስ ይጋልባል፣ የሌለች ሴት ታለቅሳለች። መብራት ሲበራ ሁሉም የለም። ለዚህ ከሰይጣን ሌላ የማን ስም ይወጣለታል? ስሙን ያወጡት ሰዎች አላዋቂ አልነበሩም። ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሌላውን ድምፅ የሚሰማበትን ቤት ከዚያ በፊትም ያውቁታል።

ይህ ስም ትዝ ያለኝ መርሳ ላይ፣ በ2001 ዓ.ም. ግድም፣ አንድ አስፈሪ የሕንድ ፊልም ሳይ ነው። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ያኔ ቪዲዮ ቤት ማለት ቆርቆሮ ጣራ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ መስኮት፣ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን ማለት ነው። ትርጉም ብሎ ነገር የለም። የሕንድ ፊልም ደግሞ ትርጉም አይፈልግም፤ እናት ስታለቅስ እናት ናት፣ ክፉ አጎት ክፉ አጎት ነው። የከበደ ነገር ከመጣ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ አትጠፋም፤ ከአሠሪዎቿ ቴሌቪዥን የለቀመቻትን ሂንዲ እየቆራረሰች ታስረዳለች።

ፊልሙ «ቡል ቡለያ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። ስሙ፣ የገባበት ሰው መውጫው የሚጠፋበት ቤት እንደ ማለት ነው። ባልና ሚስት ከውጭ አገር ተመልሰው በባልየው አባቶች ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ሽማግሌዎቹ «ያ ላይኛው ክፍል አይከፈትም» ይላሉ። የማንጁሊካ መንፈስ ተቆልፎበታላ! ማንጁሊካ ከቤንጋል የመጣች ዳንሰኛ ነበረች። የቤቱ ጌታ ተመኛት፤ እሷ ልቧ ሌላ ዘንድ ነው፤ ጌታው ፍቅረኛዋን አስገደለ፤ እሷም በዚያው ሞተች። አቭኒ የምትባለው ሚስት ክፍሉን ትከፍተዋለች። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት የእግር አልቦ ድምፅ ይሰማል፣ ዕቃ ይሰበራል። ቤተሰቡ ጣቱን የሚቀስረው በማን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? ባልየውን ታገባዋለች ሲባል በቀረችው በራዳ ላይ! በእኛ አገር ቢሆን «ቡዳዋ እሷ ናት» ይሏት ነበር። በመጨረሻ አንድ የአእምሮ ሐኪም ይመጣና እውነቱ ይወጣል። መንፈስ የለም። ያለችው አቭኒ ናት፤ የልጅነት ቁስሏን ተሸክማ የኖረች፣ የራሷን ሕመም መናገሪያ አጥታ በሟች ሴት አፍ የምትናገር።

ፊልሙ ሲያልቅ አብረውን ያዩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ኧረ እቺስ ዛሯን የሚያናግርላት አጥታ ነው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልፍ ግን አባባላቸው አልለቀቀኝም። ስለዚያ ፊልም ከዚህ የተሻለ ትንታኔ እስካሁን አልሰማሁም።

የፊልሙን የዘር ሐረግ ብንቆጥር ሩቅ ይወስደናል። አሮጌ ግንብ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ የአባቶች በደል፣ የማያርፍ ሙት፤ ይህ ዓይነቱ ታሪክ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1764 ሆራስ ዎልፖል «የኦትራንቶ ግንብ»ን ሲያሳትም የተጀመረ ነው፤ «ጎቲክ» ይሉታል። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1949 «ማሃል»ን ሠሩ፤ ከማል አምሮሂ አዘጋጀው፣ አሾክ ኩማርና ማዱባላ ተጫወቱት። በዚያ ፊልም የሙት መንፈስ የተባለችው፣ መጨረሻ ላይ የአትክልተኛው ልጅ ሆና ትገኛለች። «ቡል ቡለያ»ም ቢሆን ቅጂ ነው፤ ዋናው እ.ኤ.አ. በ1993 በማላያላም ቋንቋ በኬረላ የተሠራው የፋዚል «ማኒቺትራታዙ» ነው። የዚህኛው ርእስ ትርጉም «ጌጠኛው ቁልፍ» ነው። ልብ በሉ! ርእሱ መንፈሱን አይጠራም፤ ቁልፉን ነው የሚጠራው።

የሕንዶቹን ፊልም ከእንግሊዞቹ መጽሐፍ ጋር ሳስተያይ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥ ጌታው ያበደች ሚስቱን ከላይኛው ፎቅ ቆልፎባታል። ሴትየዋ ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ቤት ታቃጥላለች፤ አንድም ጊዜ ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። አቭኒን ግን ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያናግራታል። እንዲያውም አስወጪውን መነኩሴ አያባርረውም፤ ከእሱ ጋር መክሮ ሥርዓቱን ሁሉ ያስደግሳል። ታማሚዋ በማንጁሊካ ልብ ሆና ጌታውን «ትገድላለች»፤ የተቀላው ግን አሻንጉሊት ነው። በቀሏን ተወጣች፣ ሰው አልሞተም፣ እሷም ዳነች።

ይህንን አሠራር ወሎ አያውቀውም? አሳምሮ ያውቀዋል እንጂ! ዛር ብዙውን ጊዜ አይባረርም፤ ይታረቃል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከበሮው ይመታል፤ ባለዛሯ «ፈረስ» ትሆንና ዛሩ ይጋልባታል። ያን ጊዜ «ማን ነህ? ምን አደረገችህ? ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዛሩም ይፎክራል፣ ይቆጣል፣ ቀሚስ አምጡ፣ ሽቶ አምጡ፣ ገብስማ ዶሮ እረዱ ይላል። ሚስቱ ዓመቱን ሙሉ ለምና የነፈጋትን ቀሚስ፣ ባልየው ለዛሩ በማግስቱ ይገዛል። ማን ይሆን የጠየቀው? ዛሩ ነው ወይስ ሴትየዋ? ጥበቡ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። «ሴትየዋ ናት» ከተባለ ቀሚሱ ይቀራል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ጅቡቲ ከሚጓዘው የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጋር ጎንደር መጥቶ፣ መልካም አየሁ በሚባሉት የዛር አለቃ ቤት እየተመላለሰ ይህንኑ ሲመዘግብ ከረመ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ በጻፈው መጽሐፍ የዛሩን ቤት ከቲያትር ጋር አስተያየው። ማታለል ነው ለማለት አይደለም። ሌሪስ እንዳለው፣ ቲያትር የሚጫወቱት አለ፤ የሚኖሩትም አለ። ባለዛሯ የሚኖሩት ዓይነት ነው። እንግዲህ ሲኒማውን «የሰይጣን ቤት» ያሉት ሰዎች ከሌሪስ ቀድመው ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸው ነበር ማለት ነው።

ዛርን ላወድስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። ስንት ቤት በዛር ድግስ ተራቁቷል፣ ስንት ታማሚ በዱላና በጢስ ተሠቃይቷል፣ ስንቱ በሰንሰለት ታስሯል። ዘመናዊው ሕክምናም ቢሆን ለብዙ ጊዜ ሩቅ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከወልድያ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኋላ የሠለጠኑ ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ቢደርሱም «አማኑኤል የገባ» የሚለው ቃል ስድብነቱን አልተወም። ስሙን ፈርቶ ታማሚውን ጓዳ የሚቆልፍ ቤተሰብ ዛሬም አለ።

ነገሩ የከበደኝም ለዚህ ነው። ሀብሩና አካባቢው ሴት ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር በብዛት ከሚልኩ ወረዳዎች ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከእነዚህ ቀበሌዎች የሄዱትም ነበሩባቸው። አንዳንዷ ስትሄድ ተጫዋች የነበረች፣ ስትመለስ ግድግዳ የምታይ ሆነች። ሌሊት በዐረብኛ ትጮኻለች። ቤተሰብ ይሰበሰባል። «የዐረብ ጅን ነው» ይባላል። ክርስቲያኑ ጠበል፣ ሙስሊሙ ዱዓ፤ ወሎ ነውና አንዳንዱ ሁለቱንም ይሞክራል። በዚህ ማንንም አልነቅፍም። የሚያመኝ ሌላ ነው፤ ጅኑን «ማን ነህ?» እያልን ስንጠይቅ፣ ልጅቷን «እዚያ ቤት ምን አደረጉሽ?» የሚላት መጥፋቱ። በዐረብኛ የምትጮኸው እኮ በዐረብኛ የታዘዘችው፣ በዐረብኛ የተሰደበችው፣ በዐረብኛ «አይሆንም» ማለት ያልቻለችው ልጅ ልትሆን ትችላለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ «ማን ያገባታል?» የሚል ፍርድ ይጠብቃታል። ቁልፉ ይኸው ነው፤ ጌጠኛው ቁልፍ። ክብር እንለዋለን።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት ወልድያም መርሳም ብዙ አይተዋል። ከዚያ ጊዜ የተረፈ፣ ያልተነገረ፣ ከውስጥ ተቆልፎ የቀረ ነገር በየቤቱ አለ። ሰው ያየውን ለመናገር ሲያፍር፣ ያየው ነገር ራሱ በሌላ ድምፅ ይናገራል።

ፊልሙ አንድ ነገር ዋሽቷል። አንድ ሐኪም በአንድ ሌሊት ድግስ ሰው አያድንም። አንድ ነገር ግን እውነቱን ነው፤ ሐኪሙም መነኩሴውም በአንድ ቤት ሊገናኙ ይችላሉ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ከተሰማች። ጠበሉ ይቅር አልልም፣ ዱዓው ይቅር አልልም፣ መድኃኒቱም ይቅር አልልም። ከጎረቤት ሌሊት ጩኸት ስንሰማ ግን «ምን ያዛት?» ከማለታችን በፊት «ምን አደረጓት?» እንበል። በመጀመሪያው ጥያቄ የምንፈልገው ሰይጣን ነው። በሁለተኛው የምንፈልገው ሰው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው።