ስምንተኛው ሺህና የሽምብራ ኩሬ ዘመን

በዐቢይ ጾም ከሚውሉት ሰንበቶች አምስተኛው ደብረ ዘይት ይባላል። በዚህ ዕለት ጌታችን በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዳግም ምጽአቱና ስለ ዓለም ፍጻሜ የጠየቁት፥ እርሱም የመለሰላቸው ቃል፥ ከማቴዎስ ወንጌል ከ24ኛው ምዕራፍ ይነበባል። በሚከተለው ሰንበት ደግሞ፥ ገብር ኄር በተባለው፥ የጌታውን መክሊት ተቀብሎ ያተረፈው የታመነ አገልጋይ ነገር ይነበባል። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ሰንበቶች ጐን ለጐን ያኖሯቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊተኛው ጌታ እንደሚመጣ ያስታውቃል፤ የኋለኛው እስኪመጣ ድረስ አገልጋዩ ምን ሲሠራ መገኘት እንዳለበት ያስረዳል። ሕዝቡ ግን፥ ሊቃውንቱም ጭምር፥ የፊተኛውን አብዝቶ ይጠይቃል፤ የኋለኛውን ሲሰማ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቸኩላል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱን፥ ሞጆን፥ አዳማን ተራ በተራ ያገኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፥ አዳማም ናዝሬት ተብለው ነበር፤ በኋላ የቀደመ ስማቸው ቢመለስላቸውም፥ የሁለተኛው ስም እስከ ዛሬ ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። ከሞጆ ወደ ደቡብ የታጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል፤ በዚያም ደብረ ጽዮን፥ ደብረ ሲና፥ ገሊላ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እንግዲህ የምጽአት ነገር የተነገረበትን ተራራ ስም የተሸከመ ከተማ ባለበት በዚህ አገር፥ አባቶቻችን የዘመንን ፍጻሜ እንዴት እንደ ጠበቁት፥ ሲጠብቁትም ምን እንዳገኛቸው ጥቂት መናገር የተገባ መስሎ ታየኝ።

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው ዘመን 5500 ነው። ስለዚህ 1500 ዓመተ ምሕረት ሲሞላ ዓመተ ዓለሙ ድፍን 7000 ሆነ፤ ለአራት ቢከፈል ትራፊ የለውምና ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐርፏልና፥ በጌታ ፊትም ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነውና፥ ሰባቱ ሺህ ሲፈጸም የዓለም ሥራ ይፈጸማል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ ነበረ። ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አልነበረም። ቍስጥንጥንያውያንና መስኮባውያን ዓመተ ዓለሙን ከእኛ በዐሥራ ስድስት ዓመት ከፍ አድርገው ይቈጥሩ ስለ ነበር፥ 7000 ዘመን የሞላባቸው በ1484 ዓ.ም. ነው፤ የመስኮብ ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ ሠንጠረዥ ከዚያ ዓመት አያልፍም ነበር። ዓመቱ ሲያልፍና ዓለም እንደ ቀድሞው ቆሞ ሲገኝ፥ የሞስኮው ሊቀ ጳጳስ ዞሲማ ለሚከተሉት ዓመታት የሚሆን አዲስ ሠንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነበት።

በእኛ አገር ይህ ዘመን የደረሰው በዐፄ ናዖድ መንግሥት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያይ እግዚአብሔርን ለመነ፤ ልመናውም ተሰማለትና በ1500 ዓ.ም. ዐዲሱ ዓመት ሳይጠባ ዐረፈ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው ስለ ንጉሡ ፍርሃት ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ይህ ንጉሥ በአምሐራ ምድር መካነ ሥላሴ የተባለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀምሮ ነበር። ዘመን ሊያልቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፥ በአንድ ሰው ዕድሜ የማያልቅ ድንጋይ ማስጠረብ መጀመሩ ሁለቱ ነገሮች በልቡ እንዳልተጣሉ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያኑን የፈጸመው ልጁ ዐፄ ልብነ ድንግል ነው።

መስከረም 1 ቀን 1501 ዓ.ም. ጠባ፤ ዘመነ ማቴዎስ ሆነ፤ ገበሬውም እህሉን አጨደ። ንጉሡ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልዘለለ ልጅ ነበርና መንግሥቱን የምትጠብቅለት ንግሥት እሌኒ ነበረች። እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ናት፤ የአባቷ አገር ከዝዋይ በስተ ምዕራብና ደቡብ ያለው ነው፤ እንግዲህ የዚሁ ሸለቆ ልጅ ናት ብንል ያስኬዳል። ስምንተኛው ሺህ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች፤ በቀይ ባሕር የቱርክ ኃይል እየበረታ መሄዱን አይታ ነበርና። ማቴዎስ ብዙ መከራ አይቶ በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ። የፖርቱጋል መልእክተኞች፥ ከእነርሱም ጋራ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ወረዱ። የእሌኒ አሳብ ፍሬ የሰጠው ግን እርሷ ካረፈች ብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1533 ዓ.ም. አራት መቶ ያህል ወታደሮች በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት በመጡ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ጣቱን እያጠፈ ዓመት ሲቈጥር ይህች ሴት ደብዳቤ ታስጽፍ ነበር።

ልብነ ድንግል ጐልምሶ የአዳሉን ማሕፉዝን ድል ካደረገ በኋላ አገሩ ጸጥ አለ። ከዚህ በኋላ የሚተረከውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ንጉሡ የሚዋጋው ቢያጣ ጦር አምጣ እያለ ምድርን ያስገርፍ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ቃል ከሽንፈቱ በኋላ የመጣ የሕዝብ ፍርድ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ የተሸነፈ ሰው ጥፋቱ ብዙ ነውና። ሆኖም ሕዝቡ ሊናገር የፈለገው ነገር ግልጽ ነው፤ የተፈራው ዓመት በሰላም ስላለፈ ልብ ሁሉ ተዘልሎ ተቀመጠ ማለቱ ነው።

የፍርድ ቀን የሚመስል ቀን የመጣው ማንም ባልቈጠረው ዓመት፥ በ1521 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ዓለሙ 7021 ነበር፤ ይህ ቍጥር ለሊቅም ለሕዝብም ምንም ምስጢር የሌለው ተራ ቍጥር ነው። የዚያን ዓመት በዓላት በባሕረ ሐሳብ ብናወጣ፥ 7021 በዐሥራ ዘጠኝ ተገድፎ 10 ይተርፋል፤ አንዱ አታሕቶ ሲነሣ ወንበሩ 9፥ አበቅቴው 9፥ መጥቅዑ 21 ይሆናል። መስከረም 1 ቅዳሜ ስለ ነበረ መስከረም 21 ዓርብ ዋለ፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ነውና መባጃ ሐመሩ 23 ሆነ። ነነዌ ጥር 23፥ ዐቢይ ጾም የካቲት 7፥ ደብረ ዘይት መጋቢት 4፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 2 ቀን ዋሉ ማለት ነው። በማግስቱ መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕረፍት ይከበራልና፥ በዝቋላ ተራራ ግርጌ ላለው ሕዝብ ሁለቱ በዓላት ተከታትለው መጡለት።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፥ ትንሣኤ ሳይደርስ፥ የኢማም አሕመድ ሠራዊትና የልብነ ድንግል ሠራዊት ሽምብራ ኩሬ በተባለው ሜዳ ተገናኙ። ቦታው ከሞጆ የማይርቅ ነው፤ ስሙ እንደሚነግረን ሽምብራ የሚዘራበት፥ ውሃ የሚያቍርበት ጭቃማ ምድር ነው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፋቂህ የንጉሡን ሠራዊት ቍጥር እጅግ አብዝቶ ይሰጣል፤ ድል ያደረገ ወገን ጸሓፊ ነውና ያን መመርመር ይገባል። ነገር ግን የንጉሡ ሠራዊት በቍጥር የበዛ እንደ ነበረ፥ ብዙ መኳንንትም በዚያ እንደ ወደቁ ሁሉም ይስማሙበታል። ከኢማሙም ወገን የሞተው ቀላል አልነበረም። በዚያ ሜዳ ከወደቁት ክርስቲያኖች ብዙዎቹ የደብረ ዘይትን ወንጌል ከሰሙ ገና ሳምንቱ ነበር ብሎ ማሰብ ልብን ይነካል።

የኢማሙ ወታደሮች ምርኮ ይዘው ወደ ቤታቸው መመለስ ወደዱ፤ እርሱም ወደ ሐረር ተመለሰ። ሁለት ዓመት ያህል ፋታ ተገኘ። በ1523 ዓ.ም. ኢማሙ ዳግመኛ ሲወጣ ግን የሚያቆመው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በክረምት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በ1524 ዓ.ም. ናዖድ የጀመረው መካነ ሥላሴ ጠፋ፤ ዓረብ ፋቂህ ራሱ የወርቁንና የሥራውን ውበት በመደነቅ ጽፎታል። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደድ ኖሮ በደብረ ዳሞ ዐረፈ። ልጁ ገላውዴዎስ ኢማሙን በወይና ደጋ ድል ያደረገው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ ስምንተኛው ሺህ የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ ቀረ። ንጉሥ ሲከፋ፥ ልጅ አባቱን ሲያዋርድ፥ ዝናብ ሲጠፋ፥ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ይባላል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ የክፉ ዘመንን መልክና ከዚያ በኋላ የሚነሣውን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ስለሚናገር፥ በየዘመኑ የሚፈታው አላጣም፤ ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ይህንኑ ስም ነው። በክፉ ቀን፥ ከ1881 እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ፥ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ባጣ ጊዜ፥ ፍጻሜው ይህ ነው ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ሬሳ የሚቀብር እስኪጠፋ ሕዝቡን ጨረሰ፤ ከዚያ የተረፈልን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል ነው። ይህን ልማድ የሚንቁ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ስለ ፍጻሜ ከሚደረገው ብዙ ስብከት ይልቅ ይህ መጥረጊያ ይሻላል እላለሁ። 2000 ዓ.ም. ሲብትም ዓመተ ዓለሙ 7500 ነበር፤ ስምንተኛው ሺህ እኩሌታው ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ የፈራ ጥቂት ነው፤ አገሩ ሁሉ በደስታ አከበረው።

ስለ ቍጥር ይህን ያህል ካልሁ፥ ባሕረ ሐሳብን የነቀፍሁ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ዘይት ከየካቲት 28 ቀን አይቀድምም፥ ከሚያዝያ 2 ቀንም አያልፍም፤ የሚመጣው የመቶ ዓመት ደብረ ዘይት በየትኛው ቀን እንደሚውል አንድ ደብተራ በአንድ ቀን ጽፎ ይጨርሰዋል። ትምህርቱ የተሰጠን ጾሙን በጊዜው እንድንጀምር ነው። ጌታ መላእክት እንኳ አያውቁትም ያለውን ቀን በዚያው ስሌት የሚፈልግ ሰው ግን መሣሪያውን ያለ ሥራው አውሎታል።

አሁን ወደ ዝዋይ እንመለስ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው ከግዕዝ ወገን ነው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ይሸምናሉ፥ የደሴቱን ዳገት በድንጋይ እርከን ደልድለው ያርሳሉ። በእነርሱ ትውፊት በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዳ በደብረ ጽዮን ተቀምጣ ነበር። ከሽምብራ ኩሬ በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ያለው አገር ሁሉ ሲለዋወጥ፥ የክርስቲያኑ መንግሥት ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ፥ እነዚህ ሰዎች በውሃ መካከል ቀሩ። ጳጳስ የሚባርክላቸው፥ ንጉሥ ርስት የሚተክልላቸው አልነበረም። ሦስት መቶ ዓመት ተኩል ያህል በዚህ ኖሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገሩ ዳግመኛ ሲገናኝ፥ በደሴቶቹ ላይ ክርስቲያኖች ተገኙ፤ የብራና መጻሕፍቱም በደብረ ጽዮን ተጠብቀው ነበር።

ብራና የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ብራና በሐይቅ ዳር እርጥበት ይጠጣል፤ አይጥ ይበላዋል፤ ምስጥ ይገባበታል፤ በበጋ አውጥተው ካላናፈሱት፥ ማኅደሩ ሲያረጅ ካላደሱለት፥ በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ አልተጻፈም፤ መጽሐፎቹን ወደ ፀሐይ አወጣ፥ አራገፈ፥ መልሶም በማኅደራቸው ሰቀላቸው።