ከገበያ ለወጣ ጨዋታ የሚጻፍ አዲስ ጀብዱ

እ.ኤ.አ. በ1859 ቻርልስ ሴልደን የተባለ የኦሃዮ ሰው አዲስ የሒሳብ አያያዝ ዘዴ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የአንድ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ወይም ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ገጾች እንዲታይ የሚያደርግ ቅጽም አብሮ አወጣ። ቤከር የሚባል ሌላ ሰው ዓምዶቹን በራሱ መንገድ ደርድሮ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጡ መዝገቦችን መሸጥ ጀመረ። ሴልደን ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ቤከርን ከሰሰች። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔ አገኘ፦ መጽሐፉ የደራሲው ነው፤ በመጽሐፉ የተገለጸው የሒሳብ ዘዴ ግን የማንም ሰው መገልገያ ነው።

በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ፍርድ የማነሣው ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የምጫወተው ጨዋታ ዛሬም በሕይወት የኖረው በዚሁ መርህ በመሆኑ ነው። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ዋሻውን፣ ፍርስራሹንና በውስጡ ያደፈጡትን ጭራቆች ይተርካል። ሌሎቻችን ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን ወይም ሌባ ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። የምንጫወተው በ1981 በወጣው ሕግ ነው። አሳታሚው ያንን ዕትም ትቶ ወደ ሌሎች ከተሻገረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ጠረጴዛችን ላይ ያለው የጀብዱ መጽሐፍ ግን በቅርቡ የተጻፈ ነው።

የጨዋታው አንዱ ሥር እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ዴቭ አርነሰን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና ወጣት ነበር፤ በ1971 ገደማ ብላክሙር የሚባል ምናባዊ አገር ፈጥሮ ጓደኞቹን በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ያጫውት ጀመር። በዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ ይኖር የነበረው ጋሪ ጋይጋክስ ሐሳቡን ተቀብሎ አስፋፋው። ሁለቱ ያዘጋጁት ሕግ በ1974 ቲ.ኤስ.አር. በተባለው ትንሽ ድርጅት በኩል በሦስት ቀጫጭን መጽሐፎች ታተመ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር።

ሕጉ እንዴት እንደሚዋጉ፣ እንዴት አስማት እንደሚደግሙ ይነግር ነበር እንጂ የተዘጋጀ ጀብዱ ከእርሱ ብዙም አይገኝም ነበር። ክፍተቱን ቀድመው ያዩት ቦብ ብሌድሶና ቢል ኦወን ናቸው። በ1976 በዲኬተር፣ ኢሊኖይ ጀጅስ ጊልድን አቋቁመው፣ ከቲ.ኤስ.አር. ፈቃድ አግኝተው፣ የከተማ ካርታና የጀብዱ ደብተር ማተም ጀመሩ። ቲ.ኤስ.አር. ራሱን የቻለ የጀብዱ መጽሐፍ በራሱ ስም ማውጣት የጀመረው በ1978 ነው። ድርጅቱ እያደገ ሲሄድ ፈቃድ ማግኘት ከበደ። ሜይፌር ጌምስ የተባለ የቺካጎ አካባቢ አሳታሚ ከ1982 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ተስማሚ መጻሕፍት ሲያወጣ፣ በንግድ ምልክቱ አጠቃቀም ላይ ውልም ክርክርም ተከተለ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጸሐፊ የጻፈውን በመሳቢያው አስቀምጦ ቀረ።

አዲስ ዕትም በመጣ ቁጥር ለእርሱ የሚወጣውን ጀብዱ ገዝቶ በአሮጌው ሕግ መጫወት አይቻልም ወይ? የሚል ሰው ብዙ ነው። መልሱ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። በ1981ዱ ሕግ ከዋሻ አውጥተህ ቤት የምታደርሰው እያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ይሰጥሃል። ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000፣ ካህን 1,500፣ ሌባ 1,200፣ አስማተኛ 2,500 ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። ኦርክ የሚባለውን ጭራቅ መግደል የሚያስገኘው 10 ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ተዋጊ በመግደል ብቻ ላድግ ቢል በድርሻው 200 ኦርክ ሊደርሰው ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሾልኮ ያልፋል፣ ይደራደራል፣ ያታልላል፣ ሲብስም ይሸሻል። ወርቁን ይዞ ከወጣ አሸነፈ።

ለዚህ ሕግ የሚጽፍ ሰው ወርቁን አስልቶ መደበቅ አለበት። ከአራቱ ሙያዎች አንድ አንድ ያለበት ቡድን ትርፉን እኩል ከተካፈለና አስማተኛውም ከፍ እንዲል ከተፈለገ በዋሻው ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሳንቲም መኖር አለበት። በ2000 የወጣው ሦስተኛ ዕትም ግን ነጥቡን ከወርቅ ለይቶ ከድል ጋር አሰረው። ለእርሱ የተጻፈ ጀብዱ ወደ እኛ ጠረጴዛ ሲመጣ ወይ ወርቅ ያጥረዋል፣ ወይ ውጊያ ይበዛበታል። አሮጌው ሕግ የራሱን ጸሐፊ የሚሻው ለዚህ ነው።

በሩ የተከፈተው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ቲ.ኤስ.አር. በዕዳ ተይዞ በ1997 ለዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ተሸጠ። በአዲሱ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ራያን ዳንሲ አንድ ኩባንያ ሲወድቅ ጨዋታው አብሮ እንዳይጠፋ ይሰጋ ነበር። በ2000 የሦስተኛው ዕትም ዋና ሕግ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ክፍት ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱ የታሰበው ለአዲሱ ዕትም ነበር፤ ነገር ግን የአስማቶቹ፣ የጭራቆቹና የሙያዎቹ ስሞች ከአሮጌው የወረዱ ስለነበሩ አብረው ነፃ ወጡ። ቢሆልደርን የመሳሰሉ ጥቂት ፍጥረታት ብቻ ለድርጅቱ ተከለሉ።

ማት ፊንችና ስቱዋርት ማርሻል ሁለቱን ነገሮች አገናኙ። ስሞቹን ከክፍት ፈቃዱ ወሰዱ። አድቫንስድ የተባለውን የ1970ዎቹን መጨረሻ ሕግ አሠራር፣ ዘዴ የማንም አይደለም በሚለው መርህ ተመርኩዘው፣ በራሳቸው ቃል እንደገና ጻፉት። በ2006 የወጣው ሥራ ኦስሪክ ይባላል፤ በነፃ ታደለ። የጻፉትም በተለይ ለአሳታሚዎች ነበር፦ ለመጀመሪያው አድቫንስድ ዕትም አዲስ ጀብዱ የሚጽፍ ሰው የሌላውን የንግድ ምልክት ሳይነካ ሽፋኑ ላይ ለኦስሪክ የተዘጋጀ ብሎ መሸጥ ይችላል፤ አሮጌውን መጽሐፍ የያዘ ተጫዋችም ሳይቸገር ይገለገልበታል። በ2007 ዳንኤል ፕሮክተር በላቢሪንዝ ሎርድ የ1981ዱን ሕግ በተመሳሳይ መንገድ መለሰው። በ2008 ፊንች በሶርድስ ኤንድ ዊዛርድሪ ወደ 1974ቱ ዘለቀ። ጋይጋክስ ያረፈው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው፤ አርነሰን በተከታዩ ዓመት ተከተለው።

የዚህ ሥራ ዋጋ ወዲያው ታየ። በሚያዝያ 2009 ዊዛርድስ የቀድሞ ዕትሞቹን የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ሽያጭ በሙሉ አቆመ። ከዚያ በኋላ ዋናውን የሚፈልግ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ መሄድ ነበረበት፤ እነዚያ የእንደገና ሥራዎች ግን በየሰዉ እጅ ነበሩ፣ አዲስ ጀብዱም ይጻፍላቸው ነበር። ድርጅቱ ራሱ በ2012 የመጀመሪያውን አድቫንስድ ዕትም መጻሕፍት እንደገና አሳተመ፤ በ2013 የኤሌክትሮኒክ ቅጂዎቹን መለሰ። በ2019 የወጣው የጋቪን ኖርማን ኦልድ ስኩል ኤሴንሽያልስ ደግሞ የ1981ዱን ሕግ እንደ መዝገብ አጥርቶ፣ የሚፈለገው ሁሉ በሚፈለግበት ገጽ እንዲገኝ አድርጎ አቀረበው። እኛም የምናጣቅሰው እርሱን ነው።

ትልቁ ፈተና በጥር 2023 መጣ። ዊዛርድስ ክፍት ፈቃዱን ሊለውጥ ማሰቡ ሲሰማ የብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች እንጀራ አደጋ ላይ ወደቀ። ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ድርጅቱ ሐሳቡን ተወ፤ የአምስተኛው ዕትም ዋና ሕግም ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለ ነፃ ፈቃድ ወጣ። ያም ሆኖ ቤዚክ ፋንታሲ የተባለውን ሌላ የእንደገና ሥራ የሚያዘጋጀው ክሪስ ጎነርማን ከተባባሪዎቹ ጋር መጽሐፉን ከክፍት ፈቃዱ የመጣውን ጽሑፍ እያነሣ አስተካክሎ፣ በዚያው ዓመት አራተኛውን ዕትም በነፃ ፈቃድ አወጣ። ዘዴው ነፃ ከሆነ ቃሉን ራስህ ጻፈው፤ ያኔ ማንም አይነጥቅህም።

ለአሮጌ ዕትም የሚጽፉትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ። የሌላውን ድካም አይቀሙም፤ ሌላው የተወውንም ሥራ አይተዉም። መጻፍ ለሚያምረው ወጣት የምለው ይህን ነው፦ የ1981ዱን ሠንጠረዥ ልቅም አድርገህ እወቅ፤ ወርቁን ሳንቲም በሳንቲም ደምር፤ ቃሉን ግን ከራስህ አምጣ። ፍርድ ቤቱም ጨዋታውም ከጸሐፊ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።