የተሻረ ፍርድ፣ ያልተሻረ ጥያቄ፦ የድራዣ ሚሃይሎቪች ችሎት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የንጉሡ ደጋፊ ሸማቂዎች የነበሩት የዩጎዝላቪያ ቼትኒኮች መሪ ጄኔራል ድራዣ ሚሃይሎቪች ከጠላት ጋር አብረዋል ተብለው ቤልግሬድ ላይ ችሎት የቀረቡት እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1946 ነው። ጁላይ 15 ሞት ተፈረደባቸው፤ ጁላይ 17 ተረሸኑ። የቼትኒኮችን አነሣሥና የጦርነቱን ሂደት የጆዞ ቶማሴቪች የ1975 መጽሐፍ በሰፊው ስላብራራው መድገም አያሻም። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከዴቪድ ማርቲን ጋር ነው።

ማርቲን በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሚሃይሎቪችን ጉዳይ ለማጣራት ኒውዮርክ ላይ በ1946 ለተቋቋመው ኮሚሽን አሜሪካውያን የሰጡትን ምስክርነት አቀረቡ። የቤልግሬዱ ችሎት እነዚህን ሰዎች አልሰማም ማለታቸው እውነት ነው፤ ለችሎቱም ነውር ነው። ከዚህ ተነሥተው ግን ክሱ ራሱ መሠረት የለውም ይላሉ። ይህ አይከተልም።

አብዛኞቹ ምስክሮች አውሮፕላናቸው ተመትቶ የወደቁ፣ የሰርቢያ ገበሬዎች የደበቋቸውና በ1944 ከፕራንያኒና ከሌሎች ሜዳዎች በአየር የወጡ የአየር ኃይል አባላት ናቸው። ወደ ሚሃይሎቪች የተላከው የመጀመሪያው አሜሪካዊ መኮንን ዋልተር ማንስፊልድ እንኳ በጃንጥላ የወረደው ኦገስት 1943 ነው። የክሱ ዋና ፍሬ ነገር ያለው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1942ና በ1943 መጀመሪያ፣ በሞንቴኔግሮ፣ በሄርዞጎቪናና በዳልማቲያ ነው። በነዚህ አካባቢዎች የቼትኒክ አዛዦች ከኢጣሊያ ጦር መሣሪያና ስንቅ እየተቀበሉ በኮሚኒስቶች የሚመሩትንና በኋላ ሥልጣን የያዙትን ፓርቲዛኖች ወጉ። ምስክሮቹ ሐቀኞች ናቸው፤ ነገር ግን ስላላዩት ጉዳይ ሊመሰክሩ አይችሉም።

በቦታው የነበረ ምስክር ግን አለ፤ እሱም የቤልግሬድ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው አይደለም። በሚሃይሎቪች ጠቅላይ ሠፈር የነበሩት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ቤይሊ፣ ጄኔራሉ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1943 ባደረጉት ንግግር ከኢጣሊያ የሚያገኙትን ርዳታ እንደማይተዉና ቀዳሚ ጠላቶቻቸው የአገራቸው ሰዎች መሆናቸውን እንደተናገሩ ለለንደን አስተላለፉ። ቸርችል ራሳቸው ለስደተኛው የዩጎዝላቪያ መንግሥት ተቃውሟቸውን ጻፉ።

ቸል የተባለው ሰነድ ግን በ1946 የታተመው የችሎቱ ቃለ ጉባኤ ነው። ፕሮፓጋንዳ ነው ተብሎ ተገፍቷል። ሆኖም ተከሳሹ በዚያ የሚከራከሩት እንደ ማርቲን አይደለም፤ የበታች አዛዦቻቸው ከኢጣሊያ ጋር መዋዋላቸውን አይክዱም፤ ያለ ትእዛዜ ነው የተደረገው ይላሉ። ቃሉ ተገድደው የሰጡት ነው የሚል ቢኖር፣ ተገድዶ የሚናዘዝ ሰው እንዲህ ነጥብ በነጥብ አይሟገትም።

ፓርቲዛኖችም በማርች 1943 ከጀርመኖች ጋር ተደራድረዋል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ዋልተር ሮበርትስ በ1973 ባወጡት መጽሐፍ ገልጠውታል። ይህ የዳኞቹን አድልዎ ያሳያል፤ ተከሳሹን ግን ነጻ አያወጣም።

በእርግጥ ሁሉም መዝገብ ተከፍቶ እስኪነበብ ድረስ የመጨረሻ ቃል መስጠት አይገባም። ያም ሆኖ ማስረጃው የሚያመለክተው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ሚሃይሎቪች አዛዦቻቸው ከጠላት ጋር ሲተባበሩ እያወቁ ተጠቅመውበታል፤ ተጠያቂነታቸውም ከዚህ ይመነጫል። የቤልግሬድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 2015 የ1946ቱን ፍርድ የሻረው ተከሳሹ ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኙም፣ ይግባኝም ተነፍገዋል ብሎ ነው። ከጠላት ጋር መተባበራቸውን ግን አልመረመረም። ማርቲን የቀላቀሏቸውን ሁለት ጥያቄዎች ያ ፍርድ ቤት ለያይቷቸዋል፤ የታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ ሊለያቸው ይገባል።